ላሞቻችንን በሊትር ብቻ መምረጥ ይብቃን

የለሚ ኩራ ከብት አርቢዎች ሆይ! በአያትና በቦሌ አራብሳ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ ጓሮዎች፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በተረፈችው ቁራሽ መሬት ላይ ሁለትም ሦስትም፣ አምስትም አሥርም ላም ይዛችሁ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ለአለባ የምትነሱ እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ጥሪው አዲስ ላም ግዙ አይልም። ያሏችሁን ላሞች በአንድነት እወቋቸው፣ ለነገዎቹ ጥጆች የሚሆነውን አባትም በአንድነት ምረጡ ነው የሚለው።

ላም ሊገዛ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ስንት ሊትር ትሰጣለች?» ሻጩ ሃያ ካለ ዋጋው አንድ ነው፣ አሥራ ሁለት ካለ ሌላ ነው። ከዚያ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ፣ መያዝ አለመያዟ ይጠየቃል። ከወለደች በኋላ ሰውነቷ ምን ያህል ይወርዳል? ጡቷ ስንት ጊዜ ታሞ ያውቃል? የእናቷስ? አባቷ የትኛው ኮርማ ነው? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነው። የሚጠይቅ ቢገኝም መልስ የሚሰጠው የለም፤ የተጻፈ ነገር የለምና። ላም አለኝ በሰማይ ወተትዋንም አላይ ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ደግሞ ላሟን በጋጣችን አስረን፣ ወተቷን በየቀኑ እየለካን፣ የዘር ታሪኳን ሳናውቅ እንኖራለን።

ይህ አለማወቅ ዋጋ እያስከፈለን ነው። አሁኑኑ ወደ ጋጣችሁ ግቡና ከወለደች አንድ ወር ያልሞላትን ላም ከኋላዋ ቆማችሁ እዩአት። ወተቷ በየቀኑ ይጨምራል፤ አፏ ግን ወተቷን አይደርስበትም። ጭዱን፣ ፉርሽካውን፣ ፋጉሎውን፣ የቢራ አተላውን ብትጨምሩላትም የምትበላው ከምታወጣው ያንሳል። ጉድለቱን የምትሞላው ከራሷ ገላ ነው። በጀርባዋና በዳሌዋ ላይ ያከማቸችውን ስብ እያቀለጠች ወደ ጡቷ ትልከዋለች። ጎድኗ መቆጠር ይጀምራል፣ የዳሌዋ አጥንት ይሾላል፣ የጅራቷ ሥር ይጎደጉዳል። ውስጧ የሚሆነው ደግሞ ከውጪው ይብሳል። ስቡ በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ጉበቷ ማቃጠል ያቅተውና ራሱ ስብ ይይዛል፤ ኬቶን የሚባለው ንጥረ ነገር በደሟ ይበዛል፤ ተዋስያንን ማደን የነበረባቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ይዳከማሉ። የእንግዴ ልጅ መቅረት፣ የማህፀን መቁሰል፣ የጡት በሽታ፣ ከመኖ መከልከል በዚያው ሰሞን ተከታትለው የሚመጡት በአጋጣሚ አይደለም። እኛ «ዓይን በላት» እንላለን፣ «ብርድ መታት» እንላለን። በርካታ ላሞችን የመታቸው ግን የራሳቸው ስብ መቅለጥ ነው።

ጥሪዬን የሚያጸናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሁለት ላሞች በአንድ ጋጣ፣ በአንድ መኖ፣ በአንድ ሳምንት ወልደው አንዷ በአንድ ወር ውስጥ አጥንቷ ሲወጣ ሌላዋ ሰውነቷን ይዛ ትቆያለች። ልዩነቱ በከፊል በደማቸው ያለ፣ ከእናትና ከአባት የወረሱት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዴንማርክ ሆልስታይን ላሞች ላይ የታተመ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ሰውነታቸውን ይዘው የሚቆዩ ሴት ልጆች ያሏቸው ኮርማዎች ዘር ለበሽታ የመጋለጥ ዝንባሌው ዝቅ ያለ ነበር። በተቃራኒው አጥንታቸው የወጣ፣ ቀጠን ብለው የሾሉ፣ ዳኞች «ይቺ ናት የወተት ላም» እያሉ ሲያወድሱት የኖሩት መልክ ያላቸው ዘሮች ለበሽታ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። በአሜሪካ ላሞች ላይም ተመሳሳይ ዝምድና ታይቷል። ዝምድናው ፍጹም አይደለም፤ ወፍራም ላም ሁሉ ጤነኛ አይደለችም፣ ቀጭን ላም ሁሉም አትታመምም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ዓለም ሊትርን ብቻ እየመረጠ ሲሄድ፣ ሳያስበው ገላዋን አቅልጣ ለወተት የምትሰጥ፣ ለራሷ የማታስቀር ላም ሲመርጥ ኖሯል።

አንድ ነገር እንዳይምታታብን እፈልጋለሁ። እያልኩ ያለሁት ላም አወፍሩ አይደለም። ስትወልድ ስብ የከመረች ላም ከወለደች በኋላ አፏን ትዘጋለች፣ ስቧንም ከቀጭኗ ይበልጥ በፍጥነት ታቀልጣለች፣ ጉበቷም ቀድሞ ይጎዳል። ከ1 እስከ 5 በሚሄደው የሰውነት አቋም መለኪያ ላም ስትወልድ 3 ወይም ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብትሆን መልካም ነው። ከዚያ በኋላ የምትወርደው ከግማሽ ነጥብ ብዙም ካላለፈ ደህና ነች። አንድ ነጥብና ከዚያ በላይ ከወረደች አደጋ ላይ ነች። ስለዚህ የምንፈልገው ዘር ወፍራሙን አይደለም፤ አቋሙን ጠብቆ የሚታለበውን ነው።

እንግዲህ ለምን በአንድነት እንዳልኩ ላስረዳ። በአንድ ዓይነት አያያዝ በሚገኙ ላሞች መካከል ከሚታየው የሰውነት አቋም ልዩነት ሩብ የሚያህለው፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ከወላጅ የሚወረስ ነው። የጡት በሽታን በመቋቋም ረገድ የሚታየው ልዩነት ግን በዘር የሚተላለፈው ከመቶው ጥቂቱ እጅ ብቻ ነው፤ የቀረው የጽዳት፣ የአላለብ፣ የመኝታ ጉዳይ ነው። የመቋቋም አቅምን የሚወስን አንድ ዘረመል የለም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ኮርማ ለልጆቹ በሽታ የመቋቋም አቅም ያወርስ እንደሆነ ለማወቅ በመቶ የሚቆጠሩ ሴት ልጆቹን በየበረቱ ማየት ያስፈልጋል። አራት ላም ያላት እናት ላሞቿ ከአራት የተለያዩ ኮርማዎች የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዷ ስትታመም ከአባቷ ይሁን ከወለሉ ጭቃ ይሁን እንዴት ትለይ? አትችልም። እኔም አልችልም፣ የትኛውም ባለሙያ አይችልም። የእሷን አራት፣ የጎረቤቷን ስድስት፣ የአያት ሰፈሩን፣ የአራብሳውን፣ የሰሚቱን ላሞች መዝገብ አንድ ላይ ሲያስቀምጡት ግን የኮርማው ማንነት ይወጣል። ይህ ዕውቀት ብቻውን ለሚቆም አርቢ የተዘጋ ነው። የሰውነት አቋም ደግሞ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ እጅና ዓይን ይበቃዋል። በሽታን መቋቋም በቀጥታ ለመለካት እያስቸገረን ሳለ፣ ከእርሱ ጋር በዘር የተሳሰረውን አቋም በየጋጣችን ያለ ምንም ወጪ ልንለካው እንችላለን።

መዝገባቸውን አንድ ላይ ያደረጉ አሉ። የኖርዌይ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1975 በመላ አገራቸው የእያንዳንዷን ላም ሕመምና ሕክምና በካርድ መመዝገብ ጀመሩ። በ1978 የጡት በሽታን መቋቋም ከኮርማ መምረጫ መስፈርቶቻቸው ውስጥ አስገቡት። በጊዜው ሌላው ዓለም ሊትር ሲቆጥር እነርሱ የታመመችውንም ይቆጥሩ ነበር። የመራቢያ ድርጅቱ የገበሬዎቹ የራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ ካርዱን የሚሞላውም የሚጠቀመውም ያው ገበሬ ነው። የኖርዌይ ቀይ ላም ዛሬ በጤናዋና በመውለድ ብቃቷ ዓለም የሚያውቃት ሆናለች። ሀብት ስለነበራቸው ብቻ አይደለም፤ ትንንሽ መንጋ የያዙ ብዙ አርቢዎች መዝገባቸውን አንድ ላይ ስላስቀመጡት ነው።

እኛስ ከምን ተነሳን? የፈረንጅ ላም ወደ አገራችን በብዛት የገባችው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታ ድርጅት 300 ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶችን ሰጠ። በ1960 በዩኒሴፍ ድጋፍ ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ፤ ያኔ ሾላ የከተማው ዳርቻ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቃሊቲ ላይ ብሔራዊ የሰው ሰራሽ ማዳቀያ ማዕከል ሥራ ጀመረ። ሆለታ ላይ ተመራማሪዎች ቦረናንና ሌሎች የአገር ዝርያዎችን ከፍሪዥያን ጋር ሲያዳቅሉና ውጤቱን ሲመዘግቡ ዘመናት አልፈዋል። አብዛኞቻችን ዛሬ የምናልባት ዲቃላ ከዚህ ታሪክ የመጣች ነች።

ከለሚ ኩራ ደግሞ ብዙም የማይርቅ አንድ ነገር አለ። ጉርድ ሾላ አካባቢ ግቢ ያለው፣ ዛሬ ኢልሪ በሚል ስሙ የምናውቀው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልካ ይባል በነበረበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1986 የሻኛ ከብቶችን የሰውነት አቋም መለኪያ መመሪያ አዲስ አበባ ላይ አሳትሟል። ከብቱን ከሲታ፣ መካከለኛና የሰባ ብሎ ይከፍልና እያንዳንዱን በሦስት ያስቀምጠዋል፤ በድምሩ 9 ደረጃ። ለሐበሻ ከብት የሚሆነው መለኪያ የወጣው ከዚህችው ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይኸው ተቋም ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ በአነስተኛ አርቢዎች ላሞች ጆሮ ላይ ቁጥር እየሰቀለ፣ ወተታቸውን፣ የደረት ዙሪያቸውንና የሰውነት አቋማቸውን እየመዘገበ፣ ዘረመላቸውንም እያስነበበ ኮርማ በአገር ውስጥ መረጃ የሚመረጥበትን መንገድ ጀምሯል። መንገዱ አለ። የጎደለው የእኛ የሁላችን መዝገብ ነው። ሌላ አገር፣ በሌላ መኖና በሌላ አየር የተመዘነ ኮርማ ደረጃው እዚህም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ማመን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እርሱ የተመዘነው በተትረፈረፈ ገፈራ ላይ ባሉ ልጆቹ ነው፤ የእኛዋ ግን ፋጉሎ በተወደደበት ወር ጭድ ታኝካለች።

በሽታን መቋቋም ከዘር ጋር እንደሚሄድ ለማመን ደግሞ ውጪ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ 5,424 ከብቶች የተመረመሩበት ጥናት በአንድ ዓይነት አያያዝ ካሉት ከብቶች መካከል የከብት ሳንባ ነቀርሳ የተገኘባቸው ሆልስታይኖች 22.2 በመቶ ሲሆኑ የሐበሻ ከብቶቹ 11.6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በመሀል አገር የወተት በረቶች ከተመረመሩት ላሞች 30 በመቶ የሚሆኑት፣ ከበረቶቹም ግማሾቹ በሽታው እንደተገኘባቸው ዘግቧል። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ስብ አይናገሩም፤ በላም ደም ውስጥ የሚወረስ መከላከያ እንዳለ ግን ይናገራሉ። ወተቱን የሚጠጡትም የእኛ ልጆችና የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። ስለዚህ ወተት ይፈላ፤ ይህማ ዛሬውኑ የሚደረግ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ለእያንዳንዷ ላም በደብተር አንድ ገጽ ክፈቱ። የጆሮ ቁጥሯን ወይም ስሟን፣ የእናቷን፣ የአባቷን ኮርማ ቁጥር፣ የወለደችበትን ቀን ጻፉ። አዳቃዩ የናይትሮጅን ታንኩን ከፍቶ ቀጭኗን የአባለዘር ቱቦ ሲያወጣ በላይዋ የኮርማው መለያ ታትሞ ይታያል። «የየትኛው ኮርማ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀኑንና ቁጥሩን በፊቱ ጻፉ። ቱቦዋ ተጥላ ከጠፋች በኋላ የጥጃዋን አባት የሚነግራችሁ የለም።

ከዚያ ላሟን በአራት ጊዜ ዳስሷት፤ ስትነጥፍ፣ ስትወልድ፣ ከወለደች በአንድ ወሯና በሁለት ወሯ። ነጥቡ ከላይ ባልኩት ከ1 እስከ 5 በሚሄደው መለኪያ ነው። ከኋላዋ ቁሙ። መዳፋችሁን ሽንጧ ላይ አሳርፉና ወደ ጎን የወጡትን አጫጭር አጥንቶች በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉ። ጫፋቸው እንደ ቢላ ስለት ከተሰማችሁ፣ የዳሌዋም አጥንት ቆዳ ብቻ የለበሰ ከሆነ፣ በጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ጉድጓድ ካለ 1 ነው። አጥንቱ በቀላል ጫና ከተገኘ፣ ግን ስብ ሸፈን አድርጎት ክብ ካለ፣ የጅራቱ ሥርም ሞላ ካለ 3 ነው። ጫን ብላችሁ እንኳ አጥንት ካላገኛችሁ፣ የጅራቱ ሥር በስብ ከተቀበረ 5 ነው። በመካከል ያለውን በግማሽ ነጥብ አስቀምጡት። ጠጉሯ ብዙ ከሆነ ዓይን ያታልላል፤ እጃችሁን እመኑ። በየሰፈሩ አንድ ወይም ሁለት ወጣት ተመርጦ የሁሉንም ቤት ላም ቢዳስስ ይሻላል። አንድ እጅ የሰጠው ነጥብ ይነጻጸራል፤ አሥር ሰው ቢሰጠው ግን አንዱ 3 ያለውን ሌላው 2 ይለዋል።

በዚያው ገጽ ላይ ሕመሟን ሁሉ ጻፉ። ጡቷ አበጠ፣ ወተቷ ረጋ፣ የእንግዴ ልጇ ቀረ፣ ከመኖ ተከለከለች፣ አነከሰች፣ ጉርብርብ ወጣባት፣ ምን ተወጋች፣ በስንት ቀን ዳነች። የሞተችውን አትደብቁ፣ ለሥጋ የተሸጠችውንም ምክንያቷን ጻፉ። ይህ የሚያሳፍር እንዳልሆነ በደንብ እንነጋገር። የበሽታ ወሬ ወተት ገዢን ያሸሻል ብለን እያንዳንዳችን ስንደብቅ፣ በሽታ አውራሹ ኮርማ በየቤታችን ልጅ ሲወልድ ይኖራል። በማኅበር ሲሆን ግን መዝገቡ የላም ቁጥር እንጂ የሰው ስም አያስፈልገውም።

«ደብተር ላም አያበላም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። መኖ ይቀድማል፣ ጽዳት ይቀድማል፣ ክትባት ይቀድማል። ጥሩ ዘር ያላት ላምም ብትራብ ትታመማለች። የዘሩ ሥራ መኖውን አይተካም፤ ግን ያንኑ ውድ መኖ በልታ ወደ ሕክምና ወጪ የማትቀይረውን ላም ያመጣልናል። መሬታችን እየጠበበ፣ ጭዱና ፋጉሎው ዋጋው እየወጣ በሄደ ቁጥር ብዙ ላም ከመያዝ ይልቅ የማይታመሙ ጥቂት ላሞችን መያዝ ለእኛ የኑሮ ጉዳይ ነው። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ክፍለ ከተማ ሲሆን ከፊሉ እርሻና ግጦሽ ነበር፤ ዛሬ በየቀኑ ሕንፃ ይበቅልበታል። በዚህ ጥበት ውስጥ የሚተርፍ ከብት አርቢ ላሙን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ሊጠየቁ የሚገባቸውም አሉ። የክፍለ ከተማችን አርሶ አደርና ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የወተት ላሞችን ቁጥር ማብዛትን ሲያነሳ ቆይቷል፤ ከቁጥሩ ጎን የጤናው መዝገብ ይጨመርበት፣ በየወረዳው አንድ ሰው የአርቢዎቹን ደብተር የሚሰበስብ ይመደብ። የእንስሳት ልማት ኢንስቲትዩት የሚያሠራጨው አባለዘር የተወሰደባቸው ኮርማዎች ሴት ልጆች ምን ያህል አቋም እንደሚጠብቁና ምን ያህል እንደሚታመሙ ይንገረን፤ ካልታወቀም ከእኛ ደብተር ጀምሮ እንዲታወቅ ይደረግ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በየጋጣችን ይላክልን፤ እነርሱ ዳሰሳውን ያስተምሩን፣ እኛ ደግሞ በመጽሐፍ የማይገኝ ልምድ እንሰጣቸዋለን። ይህንን አንድ ሰው ቢጠይቅ ይሰማሉ ብዬ አልጠብቅም። የአምስት መቶ ላም መዝገብ በእጁ የያዘ ማኅበር ሲጠይቅ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

ስለዚህ እናንተ የአያት፣ የአራብሳ፣ የሰሚት፣ የሲኤምሲና የቦሌ ለሚ አርቢዎች፣ በዚህ ሳምንት አምስት ስድስት ጎረቤት ሆናችሁ ተቀመጡ። የምትዳስሰውን ወይም የሚዳስሰውን ወጣት ምረጡ። ደብተሩን ዛሬ ግዙ፣ የመጀመሪያዋን ላም ነገ ጠዋት ከአለባ በኋላ ዳስሷት፣ የኮርማውን ቁጥር ጻፉ፤ አጠገባችሁ ያለውንም ጋጣ ባለቤት ጠርታችሁ የራሱን ገጽ እንዲከፍት አድርጉ።